የቁራ መልእክተኛ ትምህርት ቤት

በወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ፣ ሰዎች መናገሻ ሱባ በሚሉት ጫካ ውስጥ አራዊት ጉባኤ ተቀመጡ። ጫካው የቆየ ነው፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደ ለማ ይነገራል። ዕድሜ የጠገበ ጫካ አዲስ ነገር ቶሎ አይለምድም። የዚያን ቀን ግን እመት ሸረሪት ከዝግባው ቅርንጫፍ በክሯ ወርዳ መሐል ላይ ተንጠልጥላ ስትናገር፣ የሚያንቀላፋው ከርከሮ እንኳ ጆሮውን አቀና።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምታችኋል» አለች። «ያበረ ድር ግን እስከ ዛሬ አላያችሁም። እኔ በዚህ ዛፍ፣ እኅቴ በዚያ ዛፍ፣ እያንዳንዳችን ዝንብ ስንጠብቅ ኖርን። ክሮቻችንን ብናገናኛቸው ከላይኛው ኮሶ እስከ ታችኛው ምንጭ የሚሆነውን ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጠን እናውቃለን። የጠፋ ግልገል ይገኛል። እሳት ሲነሣ ጭሱ ሳይታይ ይሰማል። ነብር ሲመጣ ድኩላ ቀድማ ታውቃለች።»

በዚያ ጫካ አንበሳ ስለሌለ እታሰራለሁ ብሎ የፈራ አልነበረም። ድሩ ድኩላን ያስር እንደ ሆነም የጠየቀ የለም። እጅ ወጣ፤ ጸደቀ።

እመት ሸረሪትን አልወቅስም፤ ያለችውን አድርጋለች። በመጀመሪያው ክረምት ሦስት ግልገል ተገኘ፣ በበጋው አንድ ቃጠሎ ገና በቅጠል ሳለ ተረገጠ። ጥበቧ የሚደነቅ ነበር። ክሩ የእያንዳንዱን እግር ንዝረት ለይቶ ያመጣል፤ የከርከሮው ሌላ፣ የጥንቸሏ ሌላ ነው። ጥቂት ቆይቶም ድሩ ማንም ያላሰበውን ያውቅ ጀመር፤ እርጉዟን ከባዶዋ፣ የታመመውን ከጤነኛው፣ ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ማን ጎሬ እንደ ሄደ ጭምር። ይህን እንዲያውቅ ያዘዘው አልነበረም። እግር ሲቆጠር አብሮ የመጣ ነው።

ድሩ ሲሰፋ የሚያነብለት ጠፋ። ስለዚህ በትልቁ ዝግባ ሥር የክር አንባቢዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ክር አፈታት፣ ንዝረት ቆጠራ፣ ድር ጥገና በየቀኑ ይሰጣል። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ «ሥነ ምግባር» የሚባል አንድ ትምህርት ተጨመረ፤ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። (ሰዓቱን የመደበው ማን እንደ ሆነ ተረቱ አይናገርም። በየትኛውም ሀገር ግን ትምህርት ቤት ምን እንደሚንቅ ማወቅ የፈለገ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ይይ።)

መምህር ታጣ። ጉሬዛ ነጭ ካባ ለባሽ፣ መነኩሴ ናትና እሺ ትላለች ተብሎ ተላከባት፤ ከዛፍ አልወርድም አለች። በመጨረሻ ራሳቸው ጠይቀው የመጡት ማጅራታቸው ላይ ነጭ ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ቁራ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ጦጢት ከፊት ተነሣች። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ እሷ ነበረች።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኖኅ ውሃው ጎድሎ እንደ ሆነ አይተህ ና ብሎ የላከው ማንን ነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። የኔታ ቁራም አልተቆጡም።

«አያቴን ነው።»

«ተመለሱ?»

«አልተመለሱም። ወሬውን አገኙ፤ ከወሬው ጋር ሬሳም አገኙ። በሆዳቸው ተይዘው መርከብ ውስጥ የሚጠብቃቸውን ሁሉ ረሱ። ይኸው እስከ ዛሬ ሄዶ የቀረ ሰው ሁሉ በእኛ ስም ይጠራል። እኔም የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው ልጄ። ርግብ ብታስተምራችሁ ስለ ወይራዋ ቅጠል ብቻ ነበር የምትነግራችሁ።»

ከዚያም ሰሌዳውን ትተው ተማሪዎቹን ወደ ክሩ አወጧቸው። «ሰዎች ልጆቻቸውን ምግባር ሲያስተምሩ ስለ እኛ ይተርታሉ» አሉ። «ጅብና አህያ፣ ዝንጀሮና ኤሊ ይላሉ። እኔ ደግሞ ስለ እነሱ እተርትላችኋለሁ።»

«ሰዎች ይናገራሉ እንዴ?» አለ ጃርት።

«ከሚገባቸው በላይ። ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

«የሀገራችን ሰዎች በድሮ ጊዜ መጽሐፍ በብራና ይጽፉ ነበር። መጨረሻው ላይ፣ ይህን መጽሐፍ የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብለው ይቋጩታል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ግዝቱ ብራናውን ለሰረቀ ነው። ያነበበውን ይዞ ሰው ለሚጎዳ አንድ ቃል የለውም። ለዚያኛው ሌላ ሰው ነበራቸው፣ የንስሐ አባት የሚሉት። የሰማውን ይዞ ይቀበራል። እሱ ምንም ቁልፍ አልነበረውም፤ የሚጠብቀው አፉን ነው። እናንተ ከሁለቱ የትኛውን ናችሁ?»

ማንም አልመለሰም። አርብ ነበርና ሁሉም ወደ ቤቱ ይቸኩላል።

በሚቀጥለው ሳምንት የተረቱት ረጅም ነው፤ እኔም አላሳጥረውም።

«ኔዘርላንድ በምትባል ሀገር ሥርዓት የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። የእያንዳንዱ ነዋሪ ስም፣ አድራሻና ሃይማኖት በካርድ ተጽፎ በየከተማው መዝገብ ቤት ይቀመጥ ነበር። የጻፉት ክፉዎች አልነበሩም፤ የተጻፉትም አልተቃወሙም። በግንቦት ወር 1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ሲገባ ካርዶቹ በሥርዓት ተደርድረው ጠበቁት። የሕዝብ መዝገቦችን የሚመራ ያኮብ ሌንትዝ የሚባል ሹም ነበር። ሥራውን እጅግ የሚወድ፣ ስሕተት የማይወድ። አስመስሎ ለመሥራት የሚያስቸግር መታወቂያ አዘጋጀ፤ ጀርመኖቹ ለራሳቸው ሕዝብ ከሠሩት ይልቅ የረቀቀ ነበር። ሐሰተኛ መታወቂያ ይዞ ለመሸሽ ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ጠበበ።

«በ1943 እ.ኤ.አ. ማርች 27 ምሽት ቪለም አሮንዴየስ የሚባል ሠዓሊ ከጓደኞቹ ጋር የፖሊስ ልብስ ለብሶ የአምስተርዳምን መዝገብ ቤት አቃጠለ። በቤቱ 800,000 ያህል ካርድ ነበረ። በየመሳቢያው ተጠቅጥቆ ስለ ነበር እሳቱ ሊገባበት አልቻለም። እሳት አጥፊዎቹ ነገሩ ገብቷቸው ከሚያስፈልገው በላይ ውሃ አፈሰሱበት ይባላል። የጠፋው ተደምሮ 15 በመቶ አካባቢ ነው። አሮንዴየስን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰዎች ተረሸኑ። በዚያች ሀገር ይኖሩ ከነበሩት 140,000 ያህል አይሁዶች ከ100,000 የሚበልጡት አለቁ። እንግዲህ ንገሩኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ጥፋተኛው ማነው?»

«ጀርመኖቹ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

«እሱን አያቴም ያውቃሉ። ሌላስ?»

«ሌንትዝ» አለች ወፏ ማር መሪ በዝግታ።

«ምን አደረገ? ሥራውን አጥርቶ ሠራ እንጂ። እናንተንስ በየቀኑ የምናስተምራችሁ አጥርታችሁ እንድትሠሩ አይደል? ይሁን፤ እሱንም ያዙት። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ሂዱ። ጦርነት ሳይታሰብ፣ በሰላሙ ቀን፣ ባዶው ካርድ ላይ ሃይማኖት ብሎ መስመር ያሰመረ አንድ ጸሐፊ ነበረ። ምናልባት የቀብር ቦታ ለማዘጋጀት ይጠቅማል ብሎ ይሆናል። ስሙን የሚያውቅ የለም። እኔ የማስተምረው እሱን ነው።»

ጦጢት እጇን አነሣች። «የኔታ፣ ይህ ሁሉ ፈተና ላይ ይመጣል? ሕጎቹን ዘርዝረው ቢሰጡን አይሻልም?»

የኔታ እየከበዳቸው አራት ሕግ አጻፏት። ስም አትስጥ። ያልተፈቀደለትን አታስገባ። ያየኸውን አታውራ። የተሰጠህን አደራ አትብላ። ጦጢት በአንድ ምሽት ሸመደደችው፤ ከመቶ መቶ አመጣች። እኔ በሙያ መሐላ አልቀልድም፤ ሐኪሙም ዳኛውም ቢምሉ ይሻላል። ሆኖም በአንድ ምሽት የሚሸመደድ ነገር ተይዞ ወደ ሥራ መውጣት ያስፈራኛል።

ፈተናው ከሰኔ ሳያልፍ መጣ። ጅብ በማያውቁት ሀገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንዲሉ፣ አያ ጅቦ ፀጉሩን አበጥሮ በጠራራ ፀሐይ ወደ ድሩ ቢሮ ገባ። የያዘው ደብዳቤ የተጎዱትን መርጃ ማኅበር ይላል። ማኅተሙ የጥርስ ቅርጽ ነበረው።

«ልጄ» አለ ለተረኛዋ ለጦጢት፣ «በዚህ ጫካ ስንት አቅመ ደካማ እንዳለ ሳናውቅ እንዴት እንረዳለን? ዝርዝር እንፈልጋለን።»

«ስም አንሰጥም አያ ጅቦ። ሕጋችን ይከለክላል።»

«ስም ማን ጠየቀሽ? ስም ምን ያደርግልኛል? ቁጥሩን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ብቻ።»

ጦጢት ሕጎቹን በልቧ አንድ በአንድ ቆጠረች። የሚከለክል አጣች። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ዓላማው በጎ ነው፣ ስም የለበትም። ሰንጠረዡን አሳምራ አዘጋጀች። ከመሥመሮቹ አንዱ «ከኮሶው በታች ያለው ምንጭ፤ ጎሕ ሲቀድ፤ በሦስት እግር የሚራመድ፤ ብዛት አንድ» ይል ነበር።

በሦስት እግር የምትራመደው ድኩላ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተበላች።

«ሕግ አልጣስሁም» አለች ጦጢት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድኩላዋን ታውቃት ነበር።

«አልጣስሽም» አሉ የኔታ። «መቶ ያገኘሽው በሐቅ ነው። ተቀመጪና ስሚ። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ የምትባል ግዛት አለች። የመንግሥት ሠራተኞቿን የሕክምና መዝገብ ስማቸውን ፍቃ ለተመራማሪዎች ሰጠች። ገዢው ዊልያም ዌልድ፣ የማንም ምስጢር አይወጣም ብሎ ሕዝቡን አረጋጋ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል ተማሪ ገዢው የሚኖርበትን ከተማ የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጋ በልደት ቀን፣ በጾታና በፖስታ ቁጥር ብትፈልግ የራሱን የገዢውን የሕክምና መዝገብ አወጣችው። ቆይታ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ ያህሉ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ብቻ ሊለይ ይችላል። ስም የሌለው መዝገብ ስም የለውም ማለት አይደለም። አያ ጅቦ ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል፤ በልቶ የሚያድር ነውና።»

የድኩላዋ ሞት ክፍሉን ለወጠው። እዚህ ላይ ተረቱ ቢያልቅ፣ አፍህን ዝጋ የሚል ትምህርት ይሆንና ሁላችንም ተስማምተን እንበተን ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ለማንም መናገር አቆሙ። ግልገል የጠፋባት እናት መጥታ ስትጠይቅ ማመልከቻ አምጪ ትባላለች። ማር ፈላጊ ቢመጣ እንኳ ፈቃድ አለህ ወይ ይባላል። ሁሉም ይህን ጥንቃቄ ብለው ጠሩት።

ጃርት ተረኛ በሆነበት ሌሊት ከታችኛው ምንጭ የሚመጣው ንዝረት ተበላሸ። ጠጥተው የሚመለሱት ጥቂት ይራመዱና ይወድቃሉ። መጀመሪያ አንዲት ጥንቸል፣ ከዚያ ሁለት ከርከሮዎች፣ ከዚያ አንድ የጦጣ ግልገል። ከላይ በኩል የበሰበሰ ነገር ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጃርት ሁሉንም በመዝገቡ አሰፈረ፤ ቁጥሩ አንድም አልተሳሳተም። ሲነጋ አሥራ አንድ ሬሳ ተቆጠረ።

የዚያን ዕለት የኔታ ቁራ አልተረቱም። ድምፃቸው ጫካውን ሞላው።

«አይተህ ዝም አልህ?»

«ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኔታ። ማን ከየት እንደ ጠጣ ምስጢር ነው አላሉንም?»

«ማን እንደ ጠጣ ነው ምስጢሩ! ውሃው ምን ምስጢር አለው? መርከቡ ላይ ሆነው የሚጠብቁ ነበሩ፤ አንተ ሬሳ እየቆጠርህ አደርህ። እንዲህ አድርገህ ነው የእኔን ስም የምትወስደው!» ብለው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ቀስ ብለው፣ «አጻጻፌ ነው» አሉ። «ያየኸውን አታውራ ብዬ ያጻፍሁት እኔ ነኝ። ለማን፣ ስለ ምን የሚለውን ሳልጨምር።»

እዚህ ላይ ተራኪው ጥቂት ያቋርጣችሁ። ሀገራችን በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊት በ2015 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጥቶ ፋይዳ የሚባለው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር በብዙ ሰው ስልክ ገብቷል። የዳታ ጥበቃ አዋጁ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብሰብ ይላል። መልካም አዋጅ ነው፤ ከዘገየም ይሻላል። ነገር ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው አዋጁ አይደለም፤ ትናንት የተመረቀ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። አለቃው ደውሎ፣ አጎቱ ደውሎ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ባለሙያ እንዲያፈራ የታሰበው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህም በየክልሉ ብዙ ተከፍተዋል። ያ ልጅ የአጎቱን ስልክ ሲያነሣ ምን እንደሚል ከተማረ፣ የተማረው ከእነዚህ በአንዱ ነው። ወይም አልተማረም።

ወደ ማር መሪ ልመለስ። ይህን ተረት የጀመርሁት ለእሷ ብዬ ነው።

ማር መሪ ትንሽ ወፍ ናት። የዱር ንብ ያለበትን ታውቃለች፤ ሰብራ መግባት ግን አትችልም። ስለዚህ ሰው ትጠራለች፣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ትመራዋለች፤ ሰውየው አጭሶ ማሩን ይወስዳል፣ እሷ ሰሙን ትበላለች። ሁሴን ኢሳቅና ባልደረባው ራየር በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ኬንያ ያሉ ቦረናዎች ብቻቸውን ሲፈልጉ ንቡን ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲወስድባቸው በእሷ መሪነት 3.2 ሰዓት ብቻ ይበቃቸው ነበር። መረጃ ሰጥቶ ማደር ለእሷ ዘር የትናንት ሙያ አይደለም።

ስለ ዘሯ ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሲያወሱባቸው አይወዱም። ማር መሪ የራሷን ጎጆ አትሠራም። የሌላ ወፍ ቀዳዳ ፈልጋ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቷ ስትፈለፈል መንቁሯ ጫፍ ላይ መንጠቆ አላት፤ ዓይኗ ሳይገለጥ የጎጆውን ባለቤት ጫጩቶች በእሱ ወግታ ትገድላለች። መንጠቆው ኋላ ይወድቃል።

እናቷ በመፈልፈያው ወራት መጣች።

«ልጄ፣ ትምህርትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እማዬ።»

«ክሩ የግንደ ቆርቁርን ቀዳዳ ያሳያል አሉ። መቼ እንደምትወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ።»

ማር መሪ ዝም አለች።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ስዞር ነው የምውል። ዘንድሮ ጉልበት የለኝም። አንድ ሰዓት ብቻ ንገሪኝ፤ ማን ያውቃል? ለእናትሽ ነው፤ ለባዕድ አይደል።»

«እማዬ፣ አልችልም።»

«ትችያለሽ። አልፈልግም በይ።» እናትየው ቀረብ አለች። «አንቺስ በማን ቤት የተፈለፈልሽ መሰለሽ? እሷ ናት ያሳደገችሽ። ያን ጊዜ ማንም ባይመራኝ፣ እኔ ባላገኛት፣ ዛሬ አንቺ የት ነበርሽ?»

አያ ጅቦን እንቢ ማለት እንደዚህ አይከብድም። ጅብ ጅብ ነው። ስለ ሥነ ምግባር የሚጻፉ መጻሕፍት በጅብ የተሞሉት ለዚህ ይመስለኛል፤ እናት የምትጠይቅበትን ምዕራፍ የሚጽፍ ጥቂት ነው። እናትየው ደግሞ ውሸት አልተናገረችም። ለእሷ ዘር የማይሰጥ መልስ ዘር ማጥፋት ነው። ለግንደ ቆርቁር ደግሞ የሚሰጠው መልስ ልጆቿን ማጥፋት ነው። በመካከላቸው የተቀመጠችው የሁለቱም ልጅ ናት።

ማር መሪ ሌሊቱን ወደ የኔታ ሄደች። ነገረቻቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ምን ላድርግ?»

«አላውቅም» አሉ። «ተረት አውቃለሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኮኔቲከት በምትባል ግዛት የአገሪቱ የምርመራ ቢሮ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ደብዳቤ ላከ። በኮምፒውተራችሁ የተጠቀመውን ሰው መረጃ አምጡ፣ ይህን መጠየቃችንንም ለማንም እንዳትናገሩ የሚል ነው። የዳኛ ፊርማ የለበትም። አራት ሆነው እንቢ አሉ፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ጥያቄውን ተወ፣ የአፋቸውም እገዳ ተነሣ። ይህን ሲያወሩ ስለ ድፍረታቸው ያወራሉ፤ ድፍረት ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ልማዳቸው ነው። በዚያ ሀገር በብዙ ቤተ መጻሕፍት አንባቢው መጽሐፉን ሲመልስ፣ ማን ምን እንዳነበበ የሚያያይዘው መዝገብ ይደመሰሳል። የፈለገ ቢመጣ የሚሰጠው አያገኝም። ደፋርም ፈሪም ተረኛ ቢሆን መልሱ አንድ ነው።»

ማር መሪ አንገቷን ቀና አደረገች። «እኔ ባላውቀውስ?»

«ምኑን?»

«ቀዳዳውን። ክሩ እዚያ ባይኖር እናቴ የምትጠይቀኝ አይኖርም። እሷ እንደ ወትሮዋ ትፈልጋለች፣ ግንደ ቆርቁርም እንደ ወትሮዋ ትጠብቃለች። እኔ በመካከላቸው አልገባም።»

የኔታ ክንፋቸውን አራገፉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰዳቸው አይመስለኝም።

ማር መሪ ሁለት ሐሳብ ይዛ ጉባኤ ቀረበች። በመፈልፈያ ወራት ከጎጆና ከጎሬ ውስጥ ያለው ክር ይቆረጥ፤ ይህ አንድ። ከምንጮች የሚመጣው ንዝረት ውሃው ደህና መሆኑን ከነገረ በኋላ ሲመሽ ይደምሰስ፣ የማን እግር እንደ ነበር አይቀመጥ፤ ይህ ሁለት።

እመት ሸረሪት ተቃወመች። ክፋት አልነበራትም፤ እውቀት ነበራት። «አንድ ክር ሲቆረጥ የሌሎቹ ንባብ ይዛባል» አለች። «እሳት ከጎጆ ቢነሣ ማን ይሰማል? የጠፋው ግልገል የት እንደ ጠጣ ካልተቀመጠ በምን እንፈልገዋለን? ዓመታት ያጠራቀምሁት መዝገብ ነው፤ ዛሬ የማይጠቅም የመሰለው ነገ ይጠቅማል።»

የኔታ ቁራ ተነሥተው ትክክል ናት አሉ። ተማሪዎቹ ደነገጡ። «ትክክል ናት፤ አንዳንድ ግልገል ሳይገኝ ይቀራል። ይህን ሳንነግራችሁ ድምፅ ስጡ ብንል የቁራ መልእክተኛ እንሆናለን። የድኩላዋንም ዋጋ፣ የግልገሉንም ዋጋ እዩና ምረጡ።»

ከወደ ኋላ ግንደ ቆርቁር ተናገረች። በጉባኤ ተናግራ አታውቅም።

«ቤቴ ውስጥ ክር እንዳለ ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች። «ለእሳት ነው ብትሉኝ እሺ እል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።»

የጎጆው ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ አለፈ። በመፈልፈያ ወራት ክሩ ይቆረጣል፤ እስካሁን እየተሠራበት ነው። የማር መሪ እናት ከዚያ ወዲህ ልጇን አታነጋግራትም። የምንጩ ሐሳብ ግን ወደቀ። ከምንጩ የሚጠጡት አብዛኞቹ በዚያ ሰዓት ግጦሽ ላይ ስለ ነበሩ አልመጡም፤ አያ ጅቦ ግን ከነማኅበሩ ከፊት ተቀምጦ ነበር።

ጦጢት ተመርቃለች። አሁን በተጎዱትን መርጃ ማኅበር የሥነ ምግባር አማካሪ ናት፤ ደመወዟም ከየኔታ ይበልጣል። ሰንጠረዦቿ ላይ ዛሬም ስም የለም። ጃርት ጥገና ክፍል ገባ፤ ውሃ የተበላሸ በመሰለው ቁጥር እሾሁን አቁሞ ይጮኻል፣ ግማሹ ጊዜ በከንቱ ነው፣ ማንም ግን አይቆጣውም። የኔታ ትምህርታቸው ከአርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰኞ ጠዋት፣ ከመጨረሻው ዓመት ወደ መጀመሪያው፣ ተማሪ ክር ወደሚነካበት የመጀመሪያ ሰዓት እንዲዛወርላቸው አመልክተዋል። ማመልከቻው በኮሚቴ እየታየ ነው ተብለዋል። እመት ሸረሪት ደግሞ ክፍያዋን የምታገኘው ጉባኤው በመጀመሪያው ቀን እንደ ተዋዋላት፣ በተዘረጋው ክር ርዝመት በክንድ እየተለካ ነው። ሲዋዋሏት ይህን ያነበበ አልነበረም።

የምንጩ ጉዳይ ከመስቀል በኋላ በሚቀመጠው ጉባኤ እንደገና ይቀርባል። ድምፅ የሚቆጠረው ለተገኘ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውሃ የምትጠጡ ሁሉ የዚያን ቀን ግጦሹን ትታችሁ ኑ።